በአሥራ ስምንት ዓመት የሕዝብ እንደራሴ

«ገና ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል?» የሚለው አነጋገር በየቤታችን የተለመደ ነው። ወጣቱም በበኩሉ «ማን ይሰማናል?» እያለ ሲያማርር እንሰማለን። ለመሆኑ ኃላፊነት የሚሰጠው ለዕድሜ ነው ወይስ ለዝግጅት? አንድ ወጣት ስለ መንደሩና ስለ አገሩ ጉዳይ ኃላፊነት ልውሰድ ቢል ቤተሰቡ ምን ሊለው ይገባል? በዚህ ወር እትማችን ይህን ጥያቄ የምንመለከተው በአንዲት አሜሪካዊት ወጣት ታሪክ ነው። ወጣቷ የእምነታችን ተከታይ አይደለችም። ታሪኳን የመረጥነውም እርሷን አርአያ አድርገን ለማቆም ሳይሆን፣ ወላጅም ልጅም ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ቁም ነገር ስላገኘንበት ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

ዌስት ቨርጂኒያ በተራራማነቷና በድንጋይ ከሰል ማዕድኗ የምትታወቅ የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ናት። ምሥራቃዊ ጫፏ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን ከተማ ብዙም አይርቅም። ሳይራ ብሌር የተወለደችው በዚሁ አካባቢ ነው። አባቷ አቶ ክሬግ ብሌር በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ያገለገሉ ፖለቲከኛ ናቸው። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ለምርጫ ሲቀሰቅሱ አብራ እየተከተለች፣ የመራጩን በር እያንኳኳች አድጋለች። ሄጅስቪል በተባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትማር ደግሞ ተማሪዎች በዋና ከተማው በቻርለስተን ተሰብስበው እንደ እውነተኛ ምክር ቤት ሕግ እያረቀቁ በሚከራከሩበት የልምምድ መርሐ ግብር ተካፍላለች። በአባቷ ጀርባ ሆና ስታየው የነበረውን ነገር በዚያ በራሷ አንደበት ሞከረችው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ በ2014 ሳይራ የ17 ዓመት ልጅ ሳለች ለክፍለ ግዛቱ የእንደራሴዎች ምክር ቤት ለመወዳደር ተመዘገበች። ምክር ቤቱ መቶ መቀመጫዎች ያሉት ሲሆን፣ ሕጉ ተመራጩ 18 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይፈቅዳል። ኅዳር ላይ በሚካሄደው አጠቃላይ ምርጫ ዕለት ዕድሜዋ ስለሚደርስ እጩ ከመሆን የሚያግዳት ነገር አልነበረም። የሚያግዳት ቢኖር የሰው ግምት ብቻ ነበር።

በግንቦት ወር በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ የተፎካከረችው ከአንድ ተራ ሰው ጋር አልነበረም። ወንበሩን ይዘው የነበሩት አቶ ላሪ ከምፕ የራሷ ፓርቲ ሰው፣ በዕድሜም በልምድም ብዙ የሚበልጧት ነበሩ። እርሷ በአንጻሩ ለመራጮች በእጇ ደብዳቤ እየጻፈች፣ ከቤት ቤት እየዞረች ቀሰቀሰች። ድምፁ ሲቆጠር 872 ለ728 ሆኖ አሸነፈች። ልዩነቱ 144 ድምፅ ብቻ ነው። በኅዳር ምርጫ ደግሞ የተቃዋሚው ፓርቲ እጩ ከነበሩት የ44 ዓመት ጠበቃ ጋር ተወዳድራ ከመራጩ 63 በመቶውን በማግኘት አሸነፈች። ያን ጊዜ በመላው አሜሪካ በክፍለ ግዛት ደረጃ ከተመረጡ እንደራሴዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ እርሷ ሆነች።

ወግ አጥባቂ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሳይራ የቀረበችው በወግ አጥባቂነት ነው። በአሜሪካ ፖለቲካ ይህ ቃል ግብር ዝቅ እንዲል፣ መንግሥት በሰው ኑሮና ንግድ ውስጥ ያለው እጅ እንዲያጥር፣ ፅንስ ማስወረድ እንዲከለከል፣ የጦር መሣሪያ የመያዝ መብት እንዲጠበቅ የሚሹ ሰዎችን ያመለክታል። ሳይራም እነዚህን አቋሞች በግልጽ ይዛ ነው የተወዳደረችው። ከዚህ ጋር የወጣቱን የሥራ ዕድል አንስታለች። ጥያቄው ባዶ አልነበረም። የከሰል ሥራ እየተዳከመ በመሄዱ የክፍለ ግዛቱ ወጣት እየተማረ ወደ ሌላ ቦታ ይሰደዳል። እ.ኤ.አ በ2010 በተደረገው ቆጠራ 1.85 ሚሊዮን የነበረው ሕዝብ በ2020 ወደ 1.79 ሚሊዮን ወርዷል። ልጆቿ እየወጡ የሚቀሩባት አገር ችግር ምን እንደሆነ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማንም ሊነግረን አይገባም።

በአሜሪካ የሚኖሩ ሙስሊሞችም በዚህ ወግ አጥባቂነት ላይ አንድ ዓይነት አቋም ኖሯቸው አያውቅም። ስለ ቤተሰብ ክብርና ስለ ልጆች አስተዳደግ በሚነሳው ሐሳብ ብዙዎቹ ይስማማሉ። እ.ኤ.አ በ2000 ታላላቅ የሙስሊም ድርጅቶች ተባብረው የሪፐብሊካኑን እጩ ጆርጅ ቡሽን መደገፋቸው ይታወሳል። ከ2001 በኋላ ግን የጦርነቱና የጥርጣሬው ነገር ሲመጣ አብዛኛው ድምፁን ወደ ሌላው ፓርቲ አዙሯል። እንግዲህ አንድን እጩ በስሙ ወይም በፓርቲው መለያ ሳይሆን በያዘው ቁም ነገር አንድ በአንድ መመዘን ያስፈልጋል ማለት ነው።

ትምህርት ወይስ ምክር ቤት?

ወላጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ትምህርቷስ?» ብለው እንደሆነ እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሳይራ በተመረጠችበት ወቅት በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስና የስፓኒሽ ቋንቋ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤ በጥር ይከፈትና ለ60 ቀናት ይቆያል። ስለዚህ የሁለተኛውን መንፈቅ ትምህርት ትታ ወደ ቻርለስተን መሄድ፣ ያመለጣትንም በክረምትና በሌላ ጊዜ ማካካስ ነበረባት። የእንደራሴው ደመወዝ ያን ጊዜ በዓመት 20 ሺህ ዶላር ነበር። በአሜሪካ ኑሮ ይህ ሰው የሚበለጽግበት ገንዘብ አይደለም።

የተነሳባት ትችትም ቀላል አልነበረም። «ቤት ያላስተዳደረች፣ ግብር ያልከፈለች ልጅ ስለ ግብር ሕግ ምን ታውቃለች?» ያሉ ነበሩ። «የአባቷ ስም ነው ያስመረጣት» ያሉም አሉ። በዚህ ውስጥ እውነት አለ። የታወቀ ስም በር ይከፍታል። አባቱ የማይታወቅ ወጣት ያንኑ በር ለመክፈት ብዙ መድከም አለበት። ይሁን እንጂ ስም ብቻውን የ144 ድምፅ ልዩነት አያመጣም። በር የሚያንኳኳ እግርና ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ ጆሮም ያስፈልጋል።

ሳይራ እ.ኤ.አ በ2016 ዳግመኛ ተመርጣለች። በ2018 ግን ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም ብላ በፈቃዷ ወንበሩን ለቀቀች። የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ በዚያው የምርጫ ክልል ተመርጠው የተመለሱት በ17 ዓመት ልጅ ተሸንፈው የነበሩት አቶ ከምፕ ናቸው። በዚያው በ2018 ደግሞ በሌላ የምርጫ ክልል ኬሌብ ሃና የተባለ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት፣ እርሱም ወግ አጥባቂ፣ ነባሩን ተመራጭ አሸንፎ እዚያው ምክር ቤት ገባ። አባቷ አቶ ክሬግ ብሌርም እ.ኤ.አ በ2021 የክፍለ ግዛቱ ሴኔት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰው፣ በ2024 በራሳቸው ፓርቲ የቅድሚያ ምርጫ ተሸንፈዋል። ሹመት እንዲህ ነው። የሰጠው ሕዝብ መልሶ ይወስደዋል።

በሁለት ድምፅ ከንቲባ የሆነው ተማሪ

ስለ ትልቁ ምክር ቤት ስናወራ የአካባቢው አስተዳደር እንዳይረሳ እንሻለን። የውሃው፣ የመንገዱ፣ የቆሻሻው፣ የትምህርት ቤቱ ነገር የሚወሰነው በቅርብ ባለው አስተዳደር ነውና። እ.ኤ.አ በ2005 በሚሺጋን ክፍለ ግዛት ሂልስዴል በተባለች ትንሽ ከተማ ማይክል ሴሽንስ የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ ለከንቲባነት ተወዳደረ። እጩዎች በሚመዘገቡበት ጊዜ 18 ዓመት ስላልሞላው ስሙ በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ አልታተመም። መራጩ ስሙን በገዛ እጁ መጻፍ ነበረበት። ልጁ በክረምት ሠርቶ ያጠራቀማትን ሰባት መቶ ዶላር ያህል ይዞ በየቤቱ ዞረ። ሲቆጠር በሁለት ድምፅ ብቻ ነባሩን ከንቲባ አሸነፈ። ቀን ቀን ትምህርቱን እየተከታተለ፣ ከትምህርት መልስ የከንቲባነት ሥራውን እየሠራ ጀመረና የአራት ዓመት ዘመኑን እስከ 2009 ፈጸመ። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል ሰው ይህችን ከተማ ያስታውስ።

ታላላቆች ለታናናሾች

ወጣትን ማሾም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሃያ ዓመት ያልሞላውን ኡሳማ ኢብኑ ዘይድን አንጋፋ ሶሐባዎች ባሉበት ጦር ላይ አዛዥ አድርገው እንደሾሙት እናውቃለን። ያን ጊዜም «ልጅ ነው» ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕልፈት በኋላ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ) ሹመቱን አላነሱም። ኡሳማ በእንስሳ ጀርባ ላይ ተቀምጦ እርሳቸው በእግራቸው እየሄዱ ሸኙት። ዑመር (ረ.ዐ) መዲና እንዲቀሩላቸው የፈለጉ ጊዜም ወጣቱን አዛዥ ፈቃድ ጠየቁት። ኸሊፋው ከልጁ ሥር ፈቃድ የሚለምን ሆኖ መታየቱን አላፈሩበትም። በዚያው ልክ ደግሞ ሹመትን አጥብቆ መፈለግ የሚያስከትለውን አደጋ፣ ኃላፊነት አማና መሆኑንና በቂያማ ዕለት እንደሚጠየቁበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይገባል። ወጣቱ አይናቅ፤ ወንበሩም አይናፈቅ።

እንግዲህ ምን እንማር?

ለወላጆች፦ የሳይራ አባት ለልጃቸው ካወረሱት ሁሉ የሚበልጠው ወደ ሥራቸው ይዘዋት መሄዳቸው ነው። በየቤታችን እንግዳ ሲመጣና ቁም ነገር ሲነሳ ልጆችን «ውጡ፣ ተጫወቱ» ብለን እንልካለን። ዕድር ስንሄድ፣ የመስጊድ ጉዳይ ስንመክር፣ የትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ስንጠራ፣ ልጆቻችን አጠገባችን ተቀምጠው ቢያዳምጡ ምን ይጎድላል? አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ እንግዳ እንዳይሆኑበት መንገዱ ይኸው ነው። ሴት ልጆቻችንንም በዚህ አንለያቸው።

ለወጣቶች፦ መናገር ከመጀመራችሁ በፊት ማዳመጥን ተለማመዱ። ሰፈራችሁን እወቁ። የትኛው መንገድ ጎርፍ እንደሚያስቸግረው፣ የትኛዋ እናት ልጇን ማስተማር እንዳልቻለች ሳታውቁ ስለ ሕዝብ አናወራ። ትምህርታችሁን ለጊዜያዊ ዝና አትሸጡት። ሳይራ መንፈቁን ብትተውም ትምህርቷን አልጣለችም። ሽንፈት ሲመጣም እንደ ዓለም ፍጻሜ አትዩት። አቶ ከምፕ በልጅ ተሸንፈውም ተመልሰው ሞከሩ።

በባሕር ማዶ ለምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ፦ ልጆቻችሁ በተወለዱበት አገር የመምረጥም የመመረጥም መብት አላቸው። እጩ ቤታችሁን ሲያንኳኳ በሩን ከፍታችሁ ጠይቁት፣ መርምሩት። ነገ ያንኳኳው የገዛ ልጃችሁ ሊሆን ይችላልና።

ልጆቻችን አማናን የሚሸከሙ ትከሻዎች እንዲኖሯቸው አላህ (ሱ.ወ) ይርዳን። አሚን።