ከስንተኛዋ ላይ ይወሰን?

የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ባለቤቱ ባርባራ እ.ኤ.አ. በ1611 ስታርፍ ልጆቹን ይዞ ብቻውን ቀረ። ዳግም ለማግባት ሲነሣ 11 ሴቶች ታጩለት። ሲያወጣና ሲያወርድ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ የመረጠው አምስተኛዋን፣ ሱዛና ሮይቲንገርን ነው፤ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1613 ተጋቡ። ለአንድ ባሮን በጻፈው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ልቡን የረታችው በፍቅሯ፣ በትሕትናዋ፣ በቁጠባዋና ለእንጀራ ልጆቿ በምታሳየው ርኅራኄ ነበር።

የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ጭንቀት ወደ ቀመር ለውጠውታል። ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1960 በ«ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት በቁጥር ጨዋታ መልክ አስተዋወቀው። ዕጩዎች በዘፈቀደ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አንዴ የተሸኘች አትመለስም። ከሁሉ የምትበልጠዋን ለማግኘት የት ላይ መቆም ይሻላል? ዕጩዎቹ ብዙ ሲሆኑ መልሱ 37 በመቶ የሚሆኑትን አይቶ ማሳለፍ፣ ከዚያ በኋላ ካለፉት ሁሉ የምትበልጠውን የመጀመሪያዋን መምረጥ ነው። የመሳካት ዕድሉም 37 በመቶ ገደማ ነው።

በሦስት ዕጩዎች እንየው። ሦስቱ በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊመጡ ይችላሉ። በዕጣ የሚመርጥ ሰው ከስድስቱ በሁለቱ ብቻ ምርጧን ያገኛል። የመጀመሪያዋን አሳልፎ እሷን የምትበልጠውን የሚይዝ ግን በሦስቱ ይሳካለታል። መካከለኛዋ ቀድማ ከመጣች የምትበልጣት አንዲት ብቻ ስለሆነች ሊሳሳት አይችልም።

ለ11 ዕጩዎች ሲሰላ አራቱን አሳልፎ ከአምስተኛዋ ጀምሮ መወሰን ነው የሚበጀው። ሱዛና አምስተኛዋ ነበረች! ኬፕለር ቀመሩን ቢያውቀውና ቢከተለው ኖሮ ከእሷ በኋላ የመጡትን ስድስቱን ማየት ባላስፈለገው ነበር።

ያም ሆኖ ቀመሩን እንደ ሕግ መያዝ አደገኛ ነው። ምርጧ ካለፉት 37 በመቶዎቹ መካከል ከነበረች፣ ፈላጊው የምትበልጣትን ሲጠብቅ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ያኔ የመጨረሻዋን መቀበል ወይም ብቻውን መቅረት ነው ዕጣው። ደግሞም ሴቲቱም ትመርጣለች፤ ቀመሩ የእሷን ፈቃድ ከቁጥር አያስገባም። ከሁሉ የሚከፋው «የተሸኘች አትመለስም» የሚለው ነው። ኬፕለር ራሱ ሁሉንም ካየ በኋላ ወደ አምስተኛዋ ተመልሶ ነው የታደለው። ስለዚህ እናንተም የትዳር ጓደኛ የምትፈልጉ፣ የመጀመሪያዎቹን ትውውቆች የምትሹትን ለመለየት ተጠቀሙባቸው፤ ካለፉት መካከል ልባችሁ ያልረሳው ሰው ካለና ዛሬም ያላገባ ከሆነ ግን ቀመሩን ትታችሁ ደውሉለት።