ጥቁር ጢስ የባከነ ናፍጣ ነው

በጅቡቲ ከተማ ከራስ ዲካ ተነሥቶ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚያቀና አንድ አሮጌ የናፍጣ ፒክ አፕ ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል ላይ ነው ማለት ይቻላል። ገላፊን ተሻግሮ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ አዳማ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው በዚህ መንገድ ጭነቱ ያው፣ ነጂው ያው፣ ሞተሩም ያው ሲሆን፣ የሚለወጠው አየሩ ነው። የናፍጣ ቁጠባ ነገርም ከዚሁ ይጀምራል።

ነዳጅ ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚመጣ መሆኑ የታወቀ ነው። የአሰብ ማጣሪያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ሥራውን ካቆመ፣ በ1998 በተነሣው ጦርነትም የአሰብ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ፣ ለኢትዮጵያ የሚመጣው ነዳጅ በአብዛኛው የሚራገፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። የዋጋው መናር በሕዝብ ኑሮ ላይ ምን እንደሚያስከትል በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ አሳይቷል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት በመጀመሩም፣ በከንቱ የሚባክነው እያንዳንዱ ሊትር ከባለንብረቱ ኪስ የሚወጣ ሆኗል።

አንድ ሊትር ናፍጣ በሚገባ ለመቃጠል 12 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህም በባሕር ዳር ሲለካ ወደ 10,000 ሊትር አየር ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር በባሕር ዳር ከሚያገኘው ሩብ ያህል ይጎድላል። እንደ ባለ 2.4 ሊትሩ የሂሉክስ ሞተርና እንደ ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድ ክሩዘር ሞተር ያሉት ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ ሥሪቶች ይህን ጉድለት የሚያሟሉበት መንገድ የላቸውም። ከፍታን እያየ ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ በአንዳንድ ፖምፓዎች ላይ ቢኖርም፣ መሣሪያው ከሌለ ወይም ከተበላሸ ፖምፓው በባሕር ዳር የሚረጨውን ያህል በተራራም ላይ ይረጫል። አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ይህን ጢስ የጉልበት ምልክት አድርገው የሚቆጥሩ ነጂዎች አሉ፤ በእርግጥ ግን ተከፍሎበት ሳይሠራ የቀረ ናፍጣ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ የአየሩን መንገድ መጥረግ ነው። በአፋር በረሃ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ ሞተሩን በቆላም ሳለ ደጋ እንደወጣ ያደርገዋል። ስለዚህ ፊልትሮውን ከረጅም ጉዞ በፊትና በኋላ መመልከት፣ የተቀደደውንም ሳይዘገዩ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በቀዳዳው የሚገባው አሸዋ ሲሊንደሩን ይበላልና።

ሁለተኛው ኖዝል ነው። ደህና ኖዝል ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጭ፣ ያረጀው ግን ያንጠባጥባል። ጠብታ ደግሞ እንደ ጉም ፈጥኖ አይቃጠልም። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጥቁሩ ጢስ ካልቀረ፣ ኖዝሎቹን በመሞከሪያ መሣሪያ ማስፈተሽና የፖምፓውን ልክ ማስተካከል የባለሙያ ሥራ ነው። ጉልበት ለመጨመር ሲባል የፖምፓውን ቡሎን በግምት ማዞር ናፍጣ ከማባከኑም በላይ ሞተሩን ከመጠን በላይ አግሎ ለጉዳት ይዳርገዋል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት መቃጠሉን ስለሚያመለክት ከዚህ የተለየ ሕመም ነው።

ናፍጣ በበርሜልና በጄሪካን ይዞ ለሚንቀሳቀስ ወታደርና ነጋዴ ውሃ ሌላው ጠላት ነው። በጅቡቲ እርጥበት የተነሣ ባልሞላ በርሜል ውስጥ ውሃ ሊጠራቀም ይችላል። በርሜሉን ሳያናውጡ መቅዳት፣ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውንም ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ ፖምፓውን ከጉዳት ይጠብቃል።

ጎማን በተመለከተ፣ ነፋሱ የሚለካው በማለዳ ሳይሞቅ ነው። በቀትር ሙቀት ግፊቱ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ይህን አይተው የሚያስተነፍሱ ሰዎች በማግስቱ በላላ ጎማ ይጓዛሉ። የላላ ጎማ ለመንከባለል ስለሚከብድ ናፍጣ ይፈጃል፤ ይበልጥ ስለሚግልም ለመፈንዳት ይቀርባል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከፍ የሚል መኪና የሚገጥመው የነፋስ ግፊት ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከጣሪያ በላይ የተቆለለ ጭነት ሲታከልበት ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። በጉምሩክ ተራ ላይ ቆሞ የሚያጓራ ሞተርም አንድ ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ በሰዓት ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል።

በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ የከፋው ልማድ ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ቁልቁለትን ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መውረድ ነው። መኪናው በማርሽ ሆኖ ሲወርድ፣ የነጂው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ከተነሣ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ናፍጣውን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸውና። በዜሮ ሲንከባለል ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በዜሮ የሚወርድ ነጂ ቆጠብሁ ሲል ይጨምራል፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ባለ ጊዜም ሕይወቱን፣ ረዳቱንና በመንገድ ያገኘውን መንገደኛ ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል።

የእነዚህ ጥንቃቄዎች ፍሬ የሚታወቀው በመለካት ነው። ታንኩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ከተጓዙም በኋላ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ማስላት ይበቃል። ለምሳሌ 400 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 48 ሊትር የፈጀ ፒክ አፕ ለ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ጠጥቷል ማለት ነው። ይህ ወደ አሥር ተኩል ቢወርድ፣ በ900 ኪሎ ሜትር ጉዞ 13 ሊትር ተኩል ይተርፋል። መውጣትና መውረድ አንድ ስላልሆኑ የሽቅቡን ከሽቅቡ፣ የቁልቁሉንም ከቁልቁሉ ጋር ማነጻጸር ይገባል።

አዲስ መኪና መግዛት የማይችለው ብዙ ነው። ፊልትሮ ለማራገፍ፣ ጎማ ለመለካትና በአንዲት ደብተር ላይ ሒሳብ ለመያዝ ግን የማይችል የለም። በመስተዋቱ ወደ ኋላ ተመልክቶ ጥቁር ጢስ ያየ ነጂ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ትንሽ ያንሣ፤ ማርሹንም አንድ ይቀንስ። ጋራዥ እስኪደርስ ድረስ ያለ ወጪ ሊያደርገው የሚችለው ቁጠባ ይህ ነው።