ከመቅኒ ወይስ ከደም? የግማሽ ተዛማጅ ለጋሽ ጉዳይ

የሉኪሚያ ሕሙም በኬሞቴራፒ ታክሞ በሽታው ጋብ ሲልለት፣ ሐኪሙ ለቤተሰቡ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አንዱ «ወንድም ወይም እኅት አለው ወይ?» የሚል ነው። ሉኪሚያ ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኒ የሚነሣ በመሆኑ፣ ያገረሻል ተብሎ የሚያሠጋ ከሆነ መቅኒውን በኃይለኛ መድኃኒት ወይም በጨረር አድክሞ በምትኩ የጤነኛ ሰው ግንድ ሕዋሳትን መትከል ያስፈልጋል። ግንድ ሕዋሳት የምንላቸው ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳትን እንዲሁም ፕሌትሌቶችን የሚያስገኙትን ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሰው መለገስ አይችልም። በስድስተኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኙት ኤችኤልኤ የተባሉ ጂኖች፣ ለሕዋሳት እንደ መታወቂያ ወረቀት የሚያገለግሉ ፕሮቲኖችን ያስገኛሉ። የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ከባዕድ የሚለየው በእነዚህ ነው። ጂኖቹ ተቀራርበው የተደረደሩ ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አንድ ጥቅል ይወረሳሉ፤ ልጅ አንዱን ጥቅል ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ያገኛል። በመሆኑም አንድ ወንድም ከሕሙሙ ጋር ሙሉ በሙሉ የመዛመድ ዕድሉ 25 በመቶ፣ በግማሽ የመዛመድ ዕድሉ 50 በመቶ፣ ጨርሶ ያለመዛመድ ዕድሉም 25 በመቶ ነው። አባት፣ እናትና የአብራክ ልጅ ግን ምንጊዜም ቢያንስ ግማሽ ተዛማጆች ናቸው።

ሙሉ ተዛማጅ በቤተሰብ ውስጥ ሲጠፋ የበጎ ፈቃድ ለጋሾች መዝገብ ይፈተሻል። የአሜሪካው ብሔራዊ መዝገብ እንደሚገልጸው፣ ነጭ አሜሪካውያን በዚያ ሙሉ ተዛማጅ የማግኘት ዕድላቸው 79 በመቶ ሲሆን የጥቁሮች ግን 29 በመቶ ብቻ ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች የጂን ልዩነት ሰፊ መሆኑና ከመካከላቸው የተመዘገቡት ለጋሾች ማነስ ለዚህ ምክንያት ናቸው። በዚያ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ሕሙም የግማሽ ተዛማጅ ጉዳይ ሩቅ ነገር ያልሆነው በዚህ ሳቢያ ነው።

በግማሽ የሚዛመድ ለጋሽ ለረጅም ጊዜ ሲፈራ የኖረው ቲ ሕዋስ በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ምክንያት ነው። ከለጋሹ የሚመጡት ቲ ሕዋሳት ተቀባዩን እንደ ባዕድ ቆጥረው ቆዳውን፣ አንጀቱንና ጉበቱን ያጠቃሉ። ይህን የተከላ ጥቃት እንበለው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያን የፔሩጃ ሐኪሞች ቲ ሕዋሳቱን አስወግደው እጅግ ብዙ ግንድ ሕዋሳት በመስጠት ጥቃቱን ገቱት፤ ሆኖም ሕሙማኑ መከላከያቸው ቶሎ ስለማያገግም ለኢንፌክሽን ተጋለጡ።

ከዚያ በኋላ በባልቲሞር የሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ቡድን ሌላ መንገድ ቀየሰ። ቲ ሕዋሳቱን አስቀድሞ ከማስወገድ ይልቅ ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን ነባር የካንሰር መድኃኒት ሰጠ። በእነዚያ ቀናት በፍጥነት የሚባዙት በተቀባዩ ላይ የተነሡት ቲ ሕዋሳት ስለሆኑ መድኃኒቱ በይበልጥ እነርሱን ይመታል። ግንድ ሕዋሳቱ ግን አልዴሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለ ኢንዛይም በብዛት ስላላቸው መድኃኒቱን አክሽፈው ይተርፋሉ። በእኛ አስተያየት ከዚህ ያማረ የባዮኬሚስትሪ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ይሁንና ቡድኑ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ስለ 68 ሕሙማን ባወጣው ጽሑፍ፣ ከባድ የተከላ ጥቃት ጥቂት ቢሆንም በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሽታው አገርሽቶባቸው ነበር። ለእነዚህ ሕሙማን የተሰጠው መቅኒ ነበር፤ «ከደም ቢወሰድስ?» የሚለው ጥያቄም ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

መቅኒ የሚወሰደው ለጋሹ በማደንዘዣ ተኝቶ ከዳሌ አጥንቱ የኋላ ክፍል በመርፌ እየተመጠጠ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ያህል ሊደርስ ይችላል። በሁለተኛው መንገድ ለጋሹ ፊልግራስቲም የተባለ መድኃኒት ለአራት ወይም ለአምስት ቀናት ይወጋል፤ በዚህ ጊዜ ግንድ ሕዋሳቱ ከመቅኒው ወጥተው በደም ውስጥ ይሠራጫሉ። ደሙ በመሣሪያ ውስጥ አልፎ የሚፈለገው ከተለየ በኋላ የቀረው ወደ ለጋሹ ይመለሳል። አጥንትን የሚቆረጥም ሕመም ቢኖረውም የቀዶ ሕክምና ክፍል አያሻውም፤ ለሐኪምም ለለጋሽም ይቀላል።

ቅለቱ ግን ጉዳዩን አይቋጨውም፤ ከደም የተወሰደው ከመቅኒው ጋር ሲነጻጸር ዐሥር እጥፍ ያህል ቲ ሕዋሳት ይዟልና። እነዚህ ቲ ሕዋሳት የተቀባዩን ጤነኛ አካል እንደሚያጠቁ ሁሉ ከኬሞቴራፒ ያመለጡትን የሉኪሚያ ሕዋሳትም ያድናሉ፤ አደን ማለታችን ነው እንጂ መፈወስ አይደለም። ንቅለ ተከላ ሉኪሚያን የሚያሸንፈው በከፊል በዚሁ አደን ነው። ስለሆነም ብዙ ቲ ሕዋስ መስጠት ብዙ ጥቃትም ብዙ ጥበቃም መስጠት ነው።

በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተደረገላቸውን ከ600 በላይ የግማሽ ተዛማጅ ተቀባዮች የመረመረ ጥናት ይህንኑ አሳየ። ሁሉም ሳይክሎፎስፋማይድ ወስደዋል። መቅኒ የተሰጣቸው ሥር የሰደደ የተከላ ጥቃት የሚደርስባቸው ስጋት፣ ከደም ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ብሏል። በአንጻሩ ሉኪሚያ ያለባቸው መቅኒ ሲሰጣቸው የማገርሸቱ ስጋት በ73 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ በሊምፎማ ሕሙማን ላይ ግን ይህ ልዩነት አልታየም። ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት መቅኒ ከወሰዱት 54 በመቶ፣ ከደም ከወሰዱት 57 በመቶ ሲሆኑ፣ በስታቲስቲክስ ረገድ እኩል ናቸው።

እኩል ነው ብሎ ማለፍ ግን አይገባም ብለን እናምናለን። አንደኛው ሕሙም ሉኪሚያው አገርሽቶበት ይሞታል፤ ሌላው ከሉኪሚያው ተርፎ ቆዳው እየጠጠረ፣ ዐይኑ እየደረቀ ለዓመታት መድኃኒት ይወስዳል። መቶኛው ሁለቱን አይለያቸውም። በተጨማሪም ጥናቱ ሕሙማኑን በዕጣ የመደበ ሳይሆን ሐኪሞቻቸው የመረጡትን ከመዝገብ ያነጻጸረ ነው። ከዝምድና ውጭ ያሉ ለጋሾችን በዕጣ ያነጻጸረው የ2012 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ ጥናት ደግሞ ሥር የሰደደ የተከላ ጥቃት ከደም 53፣ ከመቅኒ 41 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ በሕይወት በመቆየት ረገድ ግን ልዩነት አላገኘም።

ስለዚህ ምርጫው በሕሙሙ በሽታ ጠባይ ላይ የሚመሠረት መሆን አለበት። ሉኪሚያው የማገርሸት ባሕርዩ የጎላ ከሆነ ከደም የሚወሰደው ያመዝናል፤ የማገርሸት ስጋቱ ዝቅ ያለ፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፋና ሥር የሰደደ ጥቃትን መሸከም የሚያዳግተው ከሆነ መቅኒው ይመረጣል። እንደ ሲክል ሴል ባሉ ካንሰር ያልሆኑ የደም በሽታዎች ደግሞ የሚታደን የካንሰር ሕዋስ ስለሌለ፣ ትርፍ ቲ ሕዋሳት ለሕሙሙ የሚያመጡለት ጥቃቱን ብቻ ነው፤ በእነዚህ በሽታዎች ሐኪሞች በአብዛኛው መቅኒን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።