ፈረሱ ተጭኗል፤ ዕቅዱስ?

ጥር 23 ቀን የአዊ ዞኗ እንጅባራ የፈረሰኛ ከተማ ናት። በዓድዋና በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የፈረስን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ከየወረዳው ይወጣሉ። ማኅበሩ ታዲያ ለበዓል ብቻ የቆመ አይደለም። አባላቱ በለቅሶና በሠርግ ይደራረሳሉ፤ የተጣላም ያስታርቃሉ። አለቃ አለው፣ ደንብ አለው፣ ሲጠራ የሚነሳ ሰው አለው። ዕድሩን፣ ሰንበቴውንና ደቦውን ስንጨምርበት አዊ በክፉ ቀን ደራሽ የሚያጣ አገር አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ደራሹ ማን እንደሚያዝዘው፣ የት እንደሚቆምና ምን ይዞ እንደሚሄድ ከአደጋው በፊት ተመክሮበታል ወይ?

የዚህ ጥያቄ ክብደት ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ታይቷል። በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ሲቀብር፣ ጎረቤቱ አካፋና ዶማ ይዞ ደረሰ። ሰዎች እየቆፈሩ ሳሉ ተራራው ዳግም ተናደባቸው። በአደጋው ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የሮጡ ነበሩ። እዚያ የጎደለው ጀግንነት አልነበረም። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ቁልቁለቱን እንዲመለከት፣ ሌላው ሕዝቡን ከሥሩ እንዲያርቅ አስቀድሞ የተሰጠ ኃላፊነት ቢኖር፣ የሟቾቹ ቁጥር ባነሰ ነበር።

የአዊ ስጋት ብዙ መልክ አለው። ደጋዎቹን ባንጃንና ፋግታ ለኮማን በረዶና የበዛ ዝናብ ያሰጓቸዋል፤ ቆላማውን ጃዊን ደግሞ ወባ። በእ.ኤ.አ. 2024 በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ፣ የቆላው ስጋት ያለፈ ታሪክ እንዳልሆነ ታይቷል። ፋግታ ለኮማ ላይ ደግሞ ሳይጮኽ የሚመጣ አደጋ አለ። ብዙ ገበሬ ማሳውን ዲከረንስ ለተባለው የግራር ዛፍ ሰጥቶ በከሰል ሽያጭ ኑሮውን ካሻሻለ በኋላ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ዛፉን ያደርቅበት ጀምሯል። የቤቱ ገቢ በአንድ ዛፍ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው የዛፉ መድረቅ ከጎርፍ አይተናነስም።

ሰው ሠራሹ አደጋም ዞኑን ፈትኖታል። በ2013 ዓ.ም. ከአጎራባቹ የመተከል ዞን ግድያ የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ጓንጓ ወረዳ ገብተው፣ ቻግኒ አጠገብ ባለው የከብት ማርቢያ ራንች ተጠለሉ። የአካባቢው ሰው እንጀራውንና ልብሱን አካፈለ። ግን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ ውሃ፣ መጸዳጃና ክሊኒክ በደግነት ብቻ አይገኝም። የሜዳው ስፋት፣ የውሃው ምንጭና የመዝጋቢው ማንነት አስቀድሞ የሚታወቅበት አሠራር ያስፈልጋል።

ይህን አሠራር መንግሥት በወረቀት ካሰበበት ቆይቷል። ከወሎ ረሀብ ማግሥት በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ያኔ ሥራው በአብዛኛው የተራበን መመገብ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ መከላከልን አስቀደመ። በ2005 ዓ.ም. የተተካው ፖሊሲ ደግሞ ትኩረቱን ወደ ስጋት ቅነሳ አዞረ፤ የጤናውን አደጋ ጤና፣ የሰብሉን ግብርና ይምራው፣ ሥራውም እስከ ወረዳ ይውረድ አለ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ወረዳው ቢሮ ያለ ሰነድ ዳንገሽታ ለሚያርሰው ሰው ካልተነበበለት፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ዳንገሽታን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። በዳንግላ ወረዳ ባለው በዚህ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ነዋሪዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው የዝናቡን መጠን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ በየዕለቱ ለክተው መዝግበዋል። በእ.ኤ.አ. 2016 የታተመው ጥናት የገበሬዎቹ ልኬት የሚታመን ሆኖ አግኝቶታል። በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እሱም በአብዛኛው በክረምት ለሚዘንብበት ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወንዝ የሚለካ ጎረቤት ወንዙ መቼ እንደሚያስፈራም ያውቃል። የቀረው እውቀቱ ወደ ማስጠንቀቂያ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ያ መንገድ በርካሽ እንደሚሠራ ባንግላዴሽ አሳይታለች። በእ.ኤ.አ. 1970 በአንድ አውሎ ነፋስ ብቻ 300,000 ያህል ሕዝብ አጣች። ከዚያ በኋላ የመንደር በጎ ፈቃደኞችን አሠለጠነች፤ ድምፅ ማጉያና ባንዲራ አስያዘቻቸው፤ መጠለያም ሠራች። በእ.ኤ.አ. 2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሟቾቹ ቁጥር 3,400 ገደማ ነበር። ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ልዩነቱ ግን የዝግጅት ነው።

አዊ ድምፅ ማጉያውን ከውጭ መጠበቅ የለበትም። የዕድር ጥሩምባ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፣ ኔትወርክ በሌለበት መልእክት የሚያደርስ ፈረሰኛ አለ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥ በስልክ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ማስጠንቀቂያ ከንቱ እንደሚሆን ታይቷል። መልእክቱም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ መነገር አለበት፤ አያት በድንጋጤ ሰዓት ቶሎ የሚገባቸው የእናታቸው ቋንቋ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቅድ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ጥሩምባ የሚነፋው ማን ነው? አቅመ ደካማውን፣ ነፍሰ ጡሯንና ዓይነ ስውሩን ከየቤቱ የሚያወጣው ማን ነው? ሰው የሚሰበሰብበት ከፍ ያለ ስፍራ የቱ ነው? ጤና ጣቢያውንና የወረዳውን የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት የሚያገኘው ማን ነው? እሱ ባይኖር ተተኪው ማን ነው? ገጹም በዓመት አንድ ጊዜ በልምምድ ይፈተን፤ ያልተለማመዱት ዕቅድ በጭንቅ ሰዓት አይታወስም።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለሙያውን ይላክ፣ የፈረሰኞች ማኅበሩ መልእክተኞቹን ይመድብ፣ ዕድሩ ስም ዝርዝሩን ይያዝ። ከሚመጣው ክረምት በፊት በሚደረገው የዕድር ስብሰባ ላይ ይህ አጀንዳ ካልተያዘ፣ አንባቢ ሆይ፣ እጅህን አውጥተህ አስይዘው።