የልጅ ልጄና የቤልፋስት ግድግዳዎች

ቤልፋስት ሲባል የእኛ አገር ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ነገር ካለ ታይታኒክ ነው፤ ያ የሰመጠ መርከብ የተሠራው እዚያ ነበርና። ዛሬ ወደ ከተማዋ ከሚሄደው እንግዳ ብዙው ግን መርከቡ የተሠራበትን ቦታ ብቻ አይቶ አይመለስም። በእግሩ እየዞረ፣ በሠራተኛ ሰፈሮች የቤት ግድግዳ ላይ የተሳሉትን የፖለቲካ ሥዕሎች ያያል። ጉብኝቱ አስጎብኚ አለው፣ ክፍያ አለው፣ የመነሻ ሰዓት አለው። ልጄ ሥራ አግኝታ እዚያ መኖር ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆናት። ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ ከአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጄ ጋር ሆነን ይህንን ጉብኝት አደረግን። «ልጅ ደግሞ ወደዚያ ይወሰዳል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እናቱም ብላኛለች። ይወሰዳል፤ ግን አንድ ነገር ተጠንቅቆ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤልፋስት የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ ናት። ካቶሊኮቹ በአብዛኛው ራሳቸውን አይሪሽ ይላሉ፤ ሰሜኑ ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር አንድ እንዲሆን ይፈልጋሉ። ፕሮቴስታንቶቹ በአብዛኛው ራሳቸውን ብሪታንያዊ ይላሉ፤ ከብሪታንያ መለየትን አይፈልጉም። ሃይማኖቱ የወገን መለያ ሆነ እንጂ ጠቡ የቅዳሴና የስብከት ጠብ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998ቱ የስቅለት ዓርብ ስምምነት ድረስ፣ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ባለው አገር 3,500 ያህል ሰው ሞተ። የሚያውቀው ሰው ያልሞተበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው ማለት ነው።

የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት በገባ ሰሞን አንድ የክፍሉ ልጅ «ካቶሊክ ነህ ፕሮቴስታንት?» አለው። «ኦርቶዶክስ ነኝ» ቢለው፣ «እሺ፣ በካቶሊኮቹ በኩል ያለው ኦርቶዶክስ ነህ ወይስ በፕሮቴስታንቶቹ በኩል?» አለው። እናቱ በስልክ ስትነግረኝ ሳቅሁ። ኋላ ነገሩን ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። በዚያ አገር የሁለቱን ወገን ልጆች ሆን ብለው አንድ ላይ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1981 በ28 ተማሪዎች ነው የተከፈተው። እስካሁን ግን ከመቶ ልጅ አሥሩ እንኳ በእነዚህ አይማርም። ስለዚህ አንድ ልጅ ከማዶ ያለውን እኩያውን ሳያውቀው አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላው ይችላል። የማዶውን ሰው የሚያውቀው ከግድግዳው ሥዕል ነው።

ጉብኝቱን የጀመርነው በካቶሊኮቹ በኩል፣ ፎልስ በሚባለው ጎዳና ነው። አስጎብኚያችን በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በአይሪሽ ታጣቂነት ተከሶ ብዙ ዓመት ታስሯል። ማዶ ያለውም አስጎብኚ እንዲሁ የቀድሞ እስረኛ ነው። እኛ አገር መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የጎበኛችሁ፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ሰው ሲያስጎበኝ አይታችሁ ይሆናል። ቤልፋስት ላይ ለየት የሚለው፣ የተጎዳ ብቻ ሳይሆን መሣሪያ ያነሳም ማስጎብኘቱ ነው። ይህ የማይዋጥላቸው አሉ። ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች «በእኛ ሐዘን ገንዘብ ይሠሩበታል» ቢሉ አልፈርድባቸውም። እኔም ገና ስጨብጠው እጁን አይቻለሁ። ልጅ ግን አይደባብስም፤ ገና ሃያ እርምጃ ሳንሄድ «ሰው ገድለሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ቆም አለና፣ «ያን ሁሉ ዓመት የታሰርኩት ፖም ሰርቄ አይደለም» አለው። ከዚያ በላይ አልነገረውም፤ ልጁም አልደገመም። ለእኔ ያ መልስ በቂ ነበር። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ልጁን ይዤ እመለስ ነበር።

እንግሊዝኛ አላጣም፤ አርባ ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ ከፈረንጅ ሐኪሞች ጋር ተግባብቻለሁ። የቤልፋስት ሰው ሲናገር ግን ቃሉን ይውጠዋል፤ ከሦስት አንዱን ብይዝ ነው። ስለዚህ ልጁ አስተርጓሚዬ ሆነ። ይህ ነገር ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ አላሰብኩም።

መጀመሪያ ያየነው ዲቪስ የሚባለውን ረጅም ፎቅ ነው። እዚህ ሰፈር በነሐሴ 1969 የ9 ዓመት ልጅ በገዛ ቤቱ ውስጥ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ተመቶ ሞቷል፤ በዚያ ዘመን ከሞቱት ሕፃናት የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ ረጅሙ የሥዕል ግንብ አለ። በዚህ ላይ የሌላ አገር ትግሎች ይሳላሉ፤ ሥዕሉም በየጊዜው እየተቀባ ይለወጣል። በ1845 ቤልፋስት መጥቶ ባርነትን የተቃወመው ፍሬድሪክ ዳግላስ ተስሎበታል፤ ማንዴላም እንዲሁ። ለልጁ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ላይ የወታደር ሥልጠና መውሰዱን ነገርኩት። እሱ ለአስጎብኚው ተረጎመለት፤ ሰውዬው ኮልፌ የት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ፍልስጤምም እዚህ ብዙ ትሳላለች፤ ማዶ ደግሞ የእስራኤል ባንዲራ ይሰቀላል። የራሳቸው ጠብ አልበቃቸው ብሎ የሩቁንም ተከፋፍለውታል።

ጥቂት ከፍ ብሎ የቦቢ ሳንድስ ሥዕል አለ። በ1981 እስር ቤት ሆኖ ለእንግሊዝ ፓርላማ የተመረጠ፣ ከዚያም በረሃብ አድማ በ66ኛው ቀን፣ በ27 ዓመቱ የሞተ ወጣት ነው። ከእሱ በኋላ ዘጠኝ ሌሎች በዚያው አድማ ሞተዋል። የካቶሊኮቹ ሰፈር ግድግዳ በሥዕል የተሞላውም ከዚያ ወዲህ ነው። ሥዕሉ ላይ ፀጉሩ ረዘም ያለ፣ ጉንጩ የሞላ፣ ፈገግ ያለ ልጅ ነው። እኔ ግን እንደ ነርስ ነው ያየሁት። ሰው ያን ያህል ቀን ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ ይበላል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ይለዋል። ያንን የሳለ የለም። ልጁ «መልከ መልካም ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ልጅ እንዲህ ያለ ሥዕል ሥር ቆሞ እንደዚያ መሆን ቢያምረው አይገርምም። «የሞተው ግን ይህን መስሎ አይደለም» አልኩትና የማውቀውን፣ ለዕድሜው በሚሆን ቃል ነገርኩት። አስጎብኚው ምን እንዳልኩ ጠየቀ። ልጁ ተረጎመለት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና «እውነቷን ነው» አለ።

እዚያው ጎዳና ላይ ሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል አለ። አስጎብኚው በእጁ አመልክቶ ሊያልፍ ሲል እኔ ነኝ ያቆምኩት። ለእናንተ ሕንፃ ነው፤ ለሙያ ሰው ግን ሌላ ነው። ለድንገተኛ የልብ ሕመም ወደ በሽተኛው ቤት የሚወሰደውን፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ በ1965 እዚህ የሠሩት ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ ናቸው። በጥይት የተሰበረ የራስ ቅልን በታይታኒየም ሳህን የመጠገን ሙያም በዚህች ከተማ ዳብሯል፤ ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። ወታደሩም፣ ታጣቂውም፣ ገበያ የወጣችው እናትም የሚመጡት ወደዚሁ በር ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ቁስለኛውን መጀመሪያ የምትጠይቁት የደም ዓይነቱን ነው፤ ሰፈሩን አትጠይቁም። ፖለቲካ የሚያወራ አስታማሚ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። እኔም ወጣት ሆኜ እንዲህ ያለ ሌሊት አሳልፌ ስለማውቅ፣ የእነዚያን ነርሶች ድካም በሥዕሎቹ መሐል ስፈልግ ነበር።

ከዚያ ወደ ቦምቤይ መንገድ ወረድን። በነሐሴ 1969 ይህ ሰፈር ተቃጠለ፤ ያኔ ነው ወታደሩ በሁለቱ ወገን መካከል የሽቦ አጥር ያቆመው። ለጥቂት ጊዜ ተብሎ የተሠራው አጥር የብረትና የሲሚንቶ ግንብ ሆነ። የበርሊን ግንብ የቆመው 28 ዓመት ነው፤ ይሄኛው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። መንግሥት እንዲህ ያሉትን ግንቦች በሙሉ እስከ 2023 አፈርሳለሁ ብሎ ነበር፤ አሁንም አሉ። ከግንቡ ሥር ያሉት ቤቶች ጓሯቸው ከላይ በሽቦ ተሸፍኗል፤ ከማዶ የሚወረወር ድንጋይና ጠርሙስ እንዳያርፍበት ነው። ልጁ «የዶሮ ቤት ይመስላል» አለ። ከሽቦው ሥር የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ ነበር።

ወደ ማዶ የሚያሳልፈው መንገድ የብረት በር አለው፤ ሲመሽ ይዘጋል። አስጎብኚያችን እዚያ ሲደርስ ቆመ። ከበሩ ማዶ ሁለተኛው ሰው ይጠብቀናል። ተጨባበጡ፣ ስለ ዝናቡ ሁለት ቃል ተነጋገሩ፣ የመጀመሪያው ተመለሰ። ጓደኛሞች አልመሰሉኝም። ፈረቃ የሚቀያየሩ ሠራተኞች ነበር የሚመስሉት።

ነገሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ልጁ እስካሁን ሲተረጉምልኝ «እኛን አቃጠሉን፣ እነሱ ተኮሱብን» እያለ ነው። ሰውዬው «እኛ» ሲል እሱም «እኛ» ይላል። ሻንኪል የሚባለው የፕሮቴስታንቶቹ ጎዳና ስንገባ፣ አዲሱም ሰው «እኛ» ብሎ ጀመረ። ልጁ «እኛ ላይ ቦምብ አፈነዱብን» አለኝና አፉ ላይ ቀረ። «እማማ፣ አሁን እኛ የትኞቹ ነን?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ በራሱ ጊዜ «እሱ እንደሚለው» እያለ ነው የተረጎመልኝ። ማንም አላስተማረውም።

ሻንኪል ላይ ነጭ ፈረስ የተቀመጠ ንጉሥ አይቶ «ቅዱስ ጊዮርጊስ!» አለ፤ ዘንዶውን ፈለገ፣ አጣው። ንጉሥ ዊሊያም ነው፤ በ1690 ቦይን በሚባለው ወንዝ ላይ ካቶሊኩን ንጉሥ ያሸነፈ። በየዓመቱ ሐምሌ 12 የሚከበርለትም ለዚህ ነው። በ1916 ሶም ላይ ያለቁት ወታደሮች ሥዕልም አለ። ጥቁር ጭምብል ያጠለቁ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎችም ተስለው ነበር፤ ከ2006 ወዲህ በመንግሥት ገንዘብና በነዋሪው ፈቃድ ብዙዎቹ በሌላ ተቀይረዋል፤ አንዳንዶቹ ግን አሁንም አሉ። ልጅ የሚተኛበት መስኮት ፊት ለፊት ጠመንጃ የደገነ ሰው መሳል ትክክል ነው የሚለኝ ካለ ወላጅነቱን እጠራጠራለሁ።

የቦምቡ ነገር ጥቅምት 1993 ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ሰው በሞላበት ጎዳና፣ ዓሣ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ቦምቡን ካመጡት አንዱን ጨምሮ አሥር ሰው ሞተ። ከሟቾቹ ሁለቱ የ7 እና የ13 ዓመት ልጃገረዶች ናቸው። ልጁ ይህን ከተረጎመልኝ በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ያኛው ሰውዬ ስለ ዓሣ ሱቁ አልነገረንም። ይሄኛው ደግሞ ስለዚያ ዘጠኝ ዓመቱ ልጅ አልነገረንም» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። እኛም ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ የምናነሳው የራሳችንን ሟች ነው፤ የጎረቤታችንን ሐዘን የምንቆጥረው ስንት ጊዜ ነው?

እንግዲህ ተጠንቀቁ ያልኳችሁ ይህንን ነው። አንዱን ወገን ብቻ የሚያስጎበኙ አሉ፤ ዋጋቸውም ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ያጥራል። ትልቅ ሰው ብቻውን ከሆነ ይሂድ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን ሁለቱንም፣ በአንድ ቀን፣ ያለ ዕረፍት አስሰሙት። ዛሬ ፎልስን፣ ሌላ ቀን ሻንኪልን ብላችሁ ከከፈላችሁት፣ ልጁ ከመጀመሪያው «እኛ» ጋር ይተኛል፤ ሌላው ቀን ደግሞ ላይመጣ ይችላል።

መጨረሻ ላይ ታችኛው ሻንኪል ውስጥ አንድ ሥዕል አሳየን። በ1969 አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የሰፈሩ ልጆች ከፍርስራሹ ውስጥ የወርቅ ሳንቲም አግኝተው ሰፈሩ ሁሉ ሲቆፍር የዋለበትን ቀን የሚያሳይ ነው። ቀድሞ እዚያ ግድግዳ ላይ የነበረው የሞት ምስል ነበር። በዚያ ሁሉ መንገድ «እኛ» እና «እነሱ» ሲል የመጣው ሰው እዚህ ጋ «ልጆቹ» አለ። የልጅ ልጄ ወርቁ ስንት እንደነበር፣ ማን እንደወሰደው፣ አሁንም ቆፍሮ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ጠየቀው። ከሦስት ሰዓቱ ጉብኝት ረጅሙ ጥያቄና መልስ ይሄኛው ነው፤ መተርጎሙንም ረሳው።

ለምትሄዱ ይህንን ያዙ። ዳገቱ ቀላል ነው፣ ዝናቡ ግን አይታመንም፤ ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ። ጉልበት የሚያማችሁ፣ እንደ እኔ፣ መሐል ላይ ሻይ የምትጠጡበት ቦታ እንዲያሳያችሁ አስጎብኚውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ አልመክርም። ሐምሌ 11 እና 12 የሰልፍና የደመራ ቀኖቻቸው ስለሆኑ መንገድ ይዘጋል፤ ሌላ ቀን ምረጡ። ሥዕሉን ፎቶ አንሱ፤ በር ላይ የቆመችውን ሴት ግን ሳትጠይቁ አታንሱ፤ የሰው ቤት ነው። ግንቡ ላይ እንግዳ ሁሉ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል፤ የእኛው ልጅ ስሙን በአማርኛ ጻፈበት፤ አንዷን ፊደል ገልብጧት ነበር፣ እንዳለ ተውኳት። ማታውን በሩ ከመዘጋቱ በፊት ወጡ፤ ካመለጣችሁ ዞሮ መምጫው ሩቅ ነው።