በገዛ ትንፋሿ፦ የቴክሳሷ ሚያታ

አራት ሰው ጭኖ እንጦጦን በቪትስ የወጣ ሾፌር መጀመሪያ የሚያደርገውን ያውቃል፤ ኤሲውን ያጠፋል። ነዳጅ መስጫው ወለሉን ነክቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ፈቀቅ ለማለት ታቃስታለች። ጥፋቱ የሞተሩ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ስስ ነው። በባሕር ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው የሚሠራው። ቤንዚን ሞልቷል፤ የጎደለው ቤንዚኑን የሚያቃጥለው አየር ነው።

በአሜሪካዋ ቴክሳስ፣ ከፎርት ዎርዝ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ክሬሰን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሞተርስፖርት ራንች የሚሉት የመኪና መሽቀዳደሚያ አለ። ቅዳሜና እሑድ እዚያ የሚሰባሰቡት አማተሮች፣ ሰኞ ወደ ቢሮና ወደ ጋራዥ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች፣ ጭንቀታቸው ያው የእንጦጦው ሾፌር ጭንቀት ነው። ብዙዎቹ የሚያሽከረክሩት ማዝዳ ሚያታ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ በኋላ ጎማዎቿ የምትገፋ ትንሽ መኪና ናት። በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣች፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። የመጀመሪያዋ ሞተር 1,597 ሲሲ ሲሆን አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቮላ፣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በቴክሳስ አውራ ጎዳና ላይ በፒክአፖቹ መካከል ስታልፍ ለተመለከታት መጫወቻ ትመስላለች።

እነዚህን መኪኖች በአንድ ሕግ አሰልፎ የሚያወዳድረው ምድብ ስፔክ ሚያታ ይባላል። በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብም፣ ናሳ የሚባለው ሌላው ማኅበርም ያካሂዱታል። (ጨረቃ ላይ ሰው ካወጣው ናሳ ጋር ዝምድና የለውም።) ሞተሩ በአመዛኙ ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለበት፤ ጎማውና ሞላው አንድ ዓይነት ነው፤ መኪናዋ የምትመዘነው ሾፌሩን ይዛ ነው። በኋላ የመጡት ባለ 1.8 ሊትር ሞተሮች ታናሿን እንዳይበሏት የአየር መግቢያቸው ላይ ቀዳዳው የጠበበ ሳህን ይደረግባቸዋል። ሕጉ ሞተር የሚያደክመው አየር በመንፈግ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር አይጋትም። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ የመግቢያው ቫልቮላ ይከፈታል፣ ከውጭ ያለው አየር በከባቢ አየር ግፊት ተገፍቶ ይገባል። የሚገፋው ሌላ ኃይል የለም። ሞተሩ በደቂቃ 6,500 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቮላ በሰከንድ 54 ጊዜ ያህል ይከፈታል፤ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ጢም ብለው ቢሞሉ በደቂቃ 5,200 ሊትር ገደማ አየር ይገባል። ያ ሁሉ አየር በፊልትሮ፣ በቱቦ፣ በቫልቮላው ጠባብ በር እየተጋፋ ማለፍ አለበት። በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ጉብታ፣ እያንዳንዱ ሹል ጠርዝ ቀረጥ ያስከፍላል። የባለሙያው ሥራም ቀረጡን መቀነስ ነው። የቱርቦ ባለቤት ላፕቶፕ ከፍቶ ግፊቱን ከፍ ያደርግና ተነሥቶ ይሄዳል። የሚያታ ባለቤት ግን አምስት የፈረስ ጉልበት ፍለጋ ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ይከርማል።

ማርሚታ ቆርጦ መጣል ከዚህ አይቆጠርም። አዲስ አበባም፣ የፎርት ዎርዝ አጎራባች ዳላስም ጩኸትን እንደ ጉልበት የሚቆጥሩ ወጣቶች አሉ፤ ጎረቤት ከመቀስቀስ ያለፈ ፋይዳው ትንሽ ነው።

በባለ 1.6ቷ ላይ ሊታይ የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ርካሽ ነው። ካንዴላው ብልጭ የሚለው ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ቀደም ብሎ ነው፤ እሳቱ ተቀጣጥሎ ሙሉ ግፊት እስኪሰጥ ጊዜ ይፈልጋልና። ፋብሪካው ይህን ቅድሚያ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር 10 ዲግሪ ላይ አስቀምጦታል። ሚያታን የሚያውቁ ሰዎች ከቴስታታው ጀርባ አንዲት ባለ 12 ብሎን ያላላሉ፣ የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነውን ሴንሰር አካል በእጃቸው በስሱ ያዞራሉ፣ በመብራት እያዩ 14 ዲግሪ ላይ ያቆሙታል። ዕቃ አልተገዛም፤ መኪናዋ ግን ከመታጠፊያ ስትወጣ ነቃ ትላለች።

ታዲያ 14 ካነቃት 20ማ ምን ያደርጋት ይሆን የሚል ሰው ሞተር ይገድላል። ብልጭታው ከመጠን በላይ ከቀደመ ያልተቃጠለው ድብልቅ በግፊትና በሙቀት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። ድምፁ ጣሳ ውስጥ እንደሚንገጫገጭ ጠጠር ነው። ችላ ከተባለ ፒስቶን ይበሳል። የቤንዚኑ ቁጥር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በዳላስ ማደያዎች 87 እና 93 ተብሎ የሚሸጠው ኦክቴን የሚለካው ቤንዚኑ ይህን ያለ ጊዜ መፈንዳት ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። 93 በራሱ ጉልበት የለውም። 87 የሚበቃውን ሞተር 93 ማጠጣት ለማደያው ባለቤት ምርቃት ነው፤ ብልጭታው ለቀደመ ሞተር ግን መድን ነው።

ከዚያ ሙቀቱ አለ። የዳላስ ሐምሌ ቀልድ አያውቅም። በ1984 ፎርሙላ ዋን ወደ ፌር ፓርክ መጥቶ ነበር፤ አስፋልቱ ተፈረካከሰ፣ ውድድሩ ፀሐይዋን ለመሸሽ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እንዲጀመር ተደረገ፣ ናይጀል ማንሰል የቆመች መኪናውን ወደ መጨረሻው መስመር ሲገፋ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ያሸነፈው ኬኬ ሮዝበርግ ራሱ ላይ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ቆብ አድርጎ ነበር። ለሞተርም ያው ነው። የሙቀቱ መጠን ከ15 ወደ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወጣ የአየሩ እፍጋት በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ 116 የነበረው ወደ 108 ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ የአየር መሳቢያው አፍ ከራዲያተሩ ትኩስ እስትንፋስ ርቆ ወደ ውጭ እንዲዞር ይጣራል። የተወዳዳሪዎቹ ኤሲ አይጠፋም፤ ከነኮምፕረሰሩ ተነቅሎ ከወጣ ቆይቷል። በዚያ ሙቀት እሳት የማይበላው ልብስና የራስ ቁር አጥልቆ መቀመጥ ምን እንደሆነ አስቡት።

ትልቁ ምስጢር ግን ቴስታታው ውስጥ ነው። አየሩ ቫልቮላውን ሊያልፍ ሲል የሚታጠፍበት ጉሮሮ ጥቂት ብረት ቢፋቅለት የሞተሩ ትንፋሽ ይሰፋል። ሕጉ እስከዚህ ድረስ ይፈቀዳል፣ ከዚህ ወዲያ ክልክል ነው ይላል፤ ድንበሩም በዓይን ሳይሆን በመለኪያ የሚታይ ነው። በ2014 በካሊፎርኒያ ላጉና ሴካ በተካሄደው የስፖርት መኪና ክለቡ ብሔራዊ ሻምፒዮና ከፊት ከገቡት የስፔክ ሚያታ ተወዳዳሪዎች ውስጥ በርከት ያሉት በዚህ ሰበብ ውጤታቸው ተሰረዘ። የጥፍር ቁራጭ ያህል ብረት ነው ነገሩ። እኔ ሰዎቹን ለመኮነን አልቸኩልም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር ይዞ ሲሰለፍ ሰው ልዩነቱን የሚፈልገው ዓይን በማይደርስበት ቦታ ነው።

ለጀማሪ ግን ቴስታታ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ ነው። ትኩስ ዘይት፣ አዲስ ካንዴላ፣ እኩል የተነፋ ጎማ፣ ልኩ የታየ ብልጭታ፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚያሳጥረው መንዳት መቻል ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ግራንድ ፕሬሪ ባለው የሎን ስታር ፓርክ የፈረስ መሮጫ የመኪና ማቆሚያ ላይ የጎማ ኮኖች ተደርድረው መኪኖች አንድ በአንድ ከሰዓት ጋር ሲወዳደሩ ኖረዋል። በሩ ላይ ፈታሾች ይቆማሉ። ባትሪው መታሰሩን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ያያሉ፣ የጎማው ዳዶ መጥበቁን ይፈትሻሉ፣ ወንበር ሥር የተንከባለለ የውኃ ጠርሙስ ካገኙ አውጣው ይላሉ፤ ስለ ፈረስ ጉልበቷ የሚጠይቅ የለም።