አሮጌ ላንድሮቨር በወሎ ደጋ፦ ሀብት ነው ወይስ ዕዳ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ሸራ ለብሶ ከግቢ ጥግ የቆመ አሮጌ መኪና እንደገና ዓይን ውስጥ የሚገባበት ምክንያት ተፈጥሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱ ውሳኔዎች ባለመኪናውን የሚጎትቱት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ተተኪ ስለማይገባ አሮጌው መኪና ይወደዳል፤ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ማቆየቱም ይወደዳል። ቀድሞ 5,700 ብር ያወጣ የነበረ የ100 ዶላር ዕቃ ዛሬ ከ10,000 ብር በላይ ነው፤ ያውም ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይታሰብ።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት እዚያው ነውና መኪናውን ሸጦ ወደ አዲሱ መዞር ይችላል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ማለትም በመካነ ሰላምና በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በአማራ ሳይንት ለሚነግድ ሰው ግን ዳገት የሚወጣ፣ ጭቃ የሚያልፍና በመንደር ብረት ሠሪ የሚጠገን መኪና ገና ተፈላጊ ነው። ለመሆኑ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ለዚህ ሰው ያዋጣዋል?

የስፖርት መኪናዎቹ ትምህርት

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ እንግሊዞች ራሳቸው በአሮጌ መኪናዎቻቸው የሚያደርጉትን ማየት ይጠቅማል። ኤምጂ ቢ የተባለችው ሁለት ሰው የምትይዝ ስፖርት መኪና ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከ500,000 በላይ ተመርታለች። አቢንግደን የነበረው ፋብሪካዋ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። የኤምጂ ስም ራሱ ዛሬ በቻይና ኩባንያ እጅ ነው። ይሁን እንጂ አሮጌዎቹ ኤምጂዎች እስከ ዛሬ ይነዳሉ፤ ብዙዎቹም የሚጠገኑት ባለቤቶቻቸው በዕረፍት ቀን በገዛ ግቢያቸው ነው።

ለዚህ ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ሞተሩ ቀላል ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት ሁሉም ነገር ለዓይንም ለእጅም ይገኛል። ሁለተኛ፣ የፋብሪካው የጥገና መጽሐፍ በማንም እጅ ይገባል። ሦስተኛውና ለነጋዴ ዋናው፣ ዕቃው እንደገና ይሠራል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በ1988 እ.ኤ.አ. የኤምጂ ቢን ሙሉ አካል በቀድሞዎቹ የፋብሪካ ማተሚያዎች አማካይነት እንደ አዲስ ማምረት ጀመረ። መኪና የሚሞተው ፋብሪካው ሲዘጋ ሳይሆን ዕቃው ከገበያ ሲጠፋ ነው ማለት ነው።

ከመሬት ዝቅ ብላ የምትሄደው ኤምጂ ለወሎ ኮረኮንች አትሆንም። ለዚህ አገር የሚሆነው ዘመዷ ላንድሮቨር ነው። የሉካስ ኤሌክትሪክ፣ በኢንች የሚለካ ቡሎን፣ በእጅ የሚስተካከል ካርቡሬተር በሁለቱም ላይ አለ። አንዱን በቤቱ መጠገን የቻለ ሰው ሌላውን አይፈራም።

ከምኒልክ እስከ ሐራጅ

የእንግሊዝ መኪና ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አድርሷል። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሚያዝያ 1948 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም ትርኢት ላይ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ይህ በችግር የተመረጠ ነገር በኋላ ለመኪናው ዕድሜ ሆነው።

በንጉሡም በደርግም ዘመን መሥሪያ ቤቶች፣ ሚሲዮኖችና የዕርዳታ ድርጅቶች ለገጠር ሥራ ከሚይዟቸው መኪናዎች አንዱ ላንድሮቨር ነበር። ሥራቸውን የጨረሱት በሐራጅ እየተሸጡ በግለሰብ እጅ ገቡ። የዚህ ዘር የመጨረሻው መኪና ሶሊኸል ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣው በጥር 2008 ዓ.ም. ነው።

ደጋው ሞተሩን ሲያፍን

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የለጋምቦ ደጋ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ካርቡሬተር ያለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠለል 77 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው የላንድሮቨር 2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር መካነ ሰላም ላይ የሚቀረው 57 ያህሉ ነው። ይህ የአየሩ መሳሳት እንጂ ብልሽት አይደለም። ይህን ያላወቀ ባለመኪና ግን ሞተሩ ደክሟል ብሎ ቴስታታ ያስወርዳል፣ ፋሻ ያስቀይራል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ያንኑ የደከመ ሞተር ይረከባል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ካንዴላው ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቷል ማለት ነው። ኤስ ዩ የተባለው የኤምጂ ካርቡሬተር ለዚህ የሚያመች ነው፤ ከሥሩ ያለውን ዳዶ ወደ ላይ በማዞር ቤንዚኑ ይቀነሳል። መሞከሪያውም ቀላል ነው። ሞተሩ በርቶ ሳለ የካርቡሬተሩ ፒስቶን ከ1 ሚሊሜትር በታች ብቻ ከፍ ይደረጋል። የሞተሩ ዙር ጨምሮ ከቀጠለ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ሊጠፋ ከዳዳ አንሷል፤ ጥቂት ጨምሮ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። በላንድሮቨር ላይ ግን ቤንዚን የሚለቀው ቀዳዳ ራሱ አነስ ባለ ይቀየራል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የዓባይ ሸለቆ ግርጌ ከ1,500 ሜትር በታች ነው። ለደጋ ብቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ሞተሩም ይግላል። ወደ ጎጃም የሚመላለስ ነጋዴ ማስተካከያውን በመካከለኛ ልክ ቢያደርገው ይሻላል።

ውኃም በደጋ ቶሎ ይፈላል። በመካነ ሰላም ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም የራዲያተሩ ክዳን ጎማ ካረጀ፣ በቆላ ያልታወቀ ጉድለት ደጋ ላይ በእንፋሎት ይገለጣል። ብዙ ሰው ራዲያተር ሲያሳጥብ ይከርማል፤ ጥፋቱ ግን የክዳኑ ሊሆን ይችላል።

ቁልቁለቱ

ዳገት ገንዘብ ይበላል፣ ቁልቁለት ግን ሕይወት ይበላል። የአሮጌው ላንድሮቨር ፍሬን በአራቱም ጎማ ባለ ከበሮ ነው። በረጅም ቁልቁለት ፔዳሉን ረግጦ የሚወርድ ሰው ከበሮውን ያግላል፤ የጋለ ሸራ አይዝም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲያረጅ ቶሎ ይፈላል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በመሆኑም ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ፤ ቁልቁለቱም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ተይዞ ይወረድ።

ከዚህ የባሰው ጥፋት የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት መጨመር ነው። የማዕድን ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል። ይህ የተደረገበት መኪና ጎማዎቹ በሙሉ ተለውጠው መስመሩ ሳይታጠብ መነዳት የለበትም።

ኢንችና ሚሊሜትር

የአገራችን መካኒክ ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ ይላል። ቁልፉ ደግሞ በሚሊሜትር ነው። የድሮ የእንግሊዝ መኪና ዳዶ ግን በኢንች ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ የገባ ይመስላል፤ ግን ይላላል፣ የዳዶውን ጠርዝም ይበላል። ከዚያ በኋላ መዶሻና መሮ ይከተላል። በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው ከዕድሜ ሳይሆን ከዚህ የሚመጣ ነው። ለባለመኪናው የመጀመሪያው ወጪ አንድ ሙሉ የኢንች ቁልፍ መግዛት ይሁን።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ወጥመድ አለው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በፊት የተሠሩ ብዙ የእንግሊዝ መኪናዎች ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት የባትሪውን ፖዘቲቭ ጫፍ ነው። ይህን ሳያይ እንደለመደው የሚገጥም ሰው ዕቃ ያቃጥላል። ባትሪ ከመታሰሩ በፊት የቀድሞው አገጣጠም ይረጋገጥ።

በቤት የሚሠራው፣ ለባለሙያ የሚሰጠው

በቤት የሚሠራው ብዙ ነው። ፑንቲናው ሲከፈት ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የላንድሮቨሩ 2.25 ሞተር የቫልቮላ ክፍተት 0.25 ሚሊሜትር ነው። አገራችን ሊድ ያለበት ቤንዚን ማስገባት ያቆመችው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ የድሮ ሞተሮች የቫልቮላ መቀመጫ ግን ለዚያ ቤንዚን የታሰበ ነበር። መቀመጫው ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቢለካ ቴስታታን ያተርፋል። ዘይትና ማጣሪያ መለወጥ፣ የባሌስትራ ቡሎን ማጥበቅ፣ የቤንዚን ጎማዎችን መለወጥ በግቢ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ቴስታታ ማስላጥ፣ ክራንክ ማስቶርነትና ሻንሲ መበየድ ግን ለባለሙያ ይሰጥ። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ የሚዝገውም ከውስጥ ነው። የክረምት ጭቃ በተጠራቀመበት ቦታ በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ በቀለም የተሸፈነ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ገዢው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ደላላው ስለ ሞተሩ ድምፅ ያወራል። ገዢው ግን ከወረቀቱ ይጀምር። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይስማማል? ከዕርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ ተከፍሏል? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ለግለሰብ ሲተላለፍ ቀረጥ ይጠየቅበታልና በርካሽ የተገዛው መኪና በስመ ንብረት ዝውውር ጊዜ ሊወደድ ይችላል። ለዓመታት የቆመ መኪናም ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ይጠይቃል፤ በቴክኒክ ምርመራም ማለፍ አለበት።

ሁለተኛው የዕቃ ጥያቄ ነው። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ የሚገኘው መኪና ሲፈታ ነው፤ ዛሬ ያለው ነገ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ልባም ገዢ መኪናውን ብቻ አይገዛም። ከተቻለ ለዕቃ የሚሆን ሁለተኛ ሬሳ መኪና፣ ካልተቻለም የፍሬን ጎማዎች፣ የውኃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ጓርኒሲዮን አስቀድሞ ይይዛል። ከሬሳው ዕቃ መውሰድ ይቻላል፤ የሻንሲ ቁጥር ቆርጦ ማዛወር ግን ወንጀል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ለገዢው ለራሱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እጁን በዘይት ለማስነካት ፈቃደኛ ነው? ለእያንዳንዱ ፑንቲና መካኒክ የሚጠራ፣ በተቆመ ቁጥር ደሴ ድረስ የሚያስጎትት ሰው በዚህ መኪና አያተርፍም፤ ዛሬውኑ ገዢ ሳለ ቢሸጠው ይበጀዋል። ወረቀቱ የተሟላ፣ ሻንሲው ጤነኛ፣ ዕቃው በመደርደሪያ ያለ፣ ባለቤቱም ቁልፍ መያዝ የሚያውቅ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የእጅ ሥራው ዋጋ በብር፣ ያውም በራሱ ጊዜ ተከፍሏል፤ በዶላር የሚቀረው ዕቃው ብቻ ነው። በአሮጌ መኪና ትርፍና ኪሳራ የሚለየውም በዚህ ላይ ነው።